ስለ ፖርቶች ጥንተ ታሪክ፤ የተዛወረ ሶፍትዌር በየስንት ጊዜው ይወጣል?

ዛሬ አንድ ሰው በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ አንዲት አጭር ትእዛዝ ብቻ በመጻፍ ከብዙ ዐሥር ሺህ ፕሮግራሞች መካከል የወደደውን ወደ ማሽኑ ሲያስገባ፣ ያ ፕሮግራም አስቀድሞ ለየትኛው ማሽን እንደ ተጻፈ፣ ወደ እርሱ ማሽንስ በማን እጅ እንደ ተዛወረ፣ ይልቁንም ደራሲው አዲስ ስሪት ባወጣ ቍጥር ያዛወረው ሰው ተከትሎ የሚያወጣው በቀናት ይሁን በወራት ወይስ በዓመታት ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ «ደራሲው ካወጣው ሰንብቷል፤ እናንተ ስለ ምን ዘገያችሁ?» በሚል ቅሬታ መልክ ይመጣል። ቅሬታው ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረ ነው። የክፍት ምንጭ ሶፍትዌርን ከተወለደበት ስርዓተ ክወና ወደ ሌላው የማዛወር ሙያ፣ ባለሙያዎቹ «ፖርት ማድረግ» የሚሉት፣ ወግ ካገኘበት ጊዜ አንሥቶ፣ የተዛወረው ነገር በየስንት ጊዜው እንደ ገና መውጣት ይገባዋል ለሚለው ጉዳይ ሥርዓት ሲወጣለት፣ ሥርዓቱም ሲሻርና ሌላ ሲተካበት ኖሯል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ለማውሳት ያሰብሁት የዚያን ሥርዓት አመጣጥ ነው፤ የማነሣቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዩኒክስ የተባለው ስርዓተ ክወና በዩኒቨርሲቲዎችና በኩባንያዎች እጅ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ የየራሱን ዓይነት ባበጀበት ዘመን፣ ለአንዱ ኩባንያ ማሽን የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ማሽን ላይ ሳይታረም አይሠራም ነበር፤ ፋይሎች የሚቀመጡበት ቦታ፣ ላይብረሪዎቹ፣ ኮምፓይለሩም ጭምር ይለያዩ ነበርና። ስለዚህ ፕሮግራሙን የፈለገ ሰው የምንጩን ኮድ በኤፍቲፒ አውርዶ፣ የታሸገውን ፈትቶ፣ «ሪድሚ» የሚባለውን ፋይል አንብቦ፣ «ሜክፋይል» የተባለውን የግንባታ መመሪያ በገዛ እጁ አርሞ፣ ኮምፓይለሩ ስሕተት ባወጣ ቍጥር መስመሩን እየፈለገ ካስተካከለ በኋላ ቢሠራለት ደስ ብሎት ይተኛል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ እርማት በእርሱ ማሽን ውስጥ ብቻ ስለሚቀር፣ በሌላ ከተማ ያለው ሰው ያንኑ ድካም ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ እርሱም ራሱ ደራሲው አዲስ ስሪት ባወጣ ጊዜ የቀድሞ እርማቱን የት እንዳኖረው ሊረሳ ይችላል። በዚያ ዘመን የተዛወረ ፕሮግራም በየስንት ጊዜው ይውጣ ብሎ የሚከራከር አልነበረም፤ አውጪ ነኝ የሚል አልነበረምና።

ወደ ሥርዓቱ የሚወስደው መንገድ የተከፈተው፣ ነገሩ ያስገርማል፣ በመዘግየት ምክንያት ነው። በ1992 ዊልያም ጆሊትዝና ባለቤቱ ሊን ጆሊትዝ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ ያደገውን የዩኒክስ ዝርያ በተራው የ386 ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ አድርገው 386ቢኤስዲ ብለው አወጡት። ሥራው የብዙዎችን ልብ የማረከ ቢሆንም ከመጀመሪያው ስሪት በኋላ የሚጠበቀው እርማት ከወር ወደ ወር እየዘገየ ስለ ሄደ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያገኙትን እርማት እያዋጡ «ፓችኪት» የሚባል ስብስብ አቋቋሙ፤ የስብስቡ የመጨረሻ አስተባባሪዎች የነበሩት ጆርዳን ሀባርድ፣ ኔት ዊልያምስና ሮድ ግራይምስም በ1993 ከመጠበቅ ይልቅ ራሳቸው ማውጣት እንደሚሻል ቈርጠው ተነሡ፤ ዴቪድ ግሪንማን የተባለው ባልደረባቸውም «ፍሪቢኤስዲ» የሚለውን ስም አወጣለት። ዋልነት ክሪክ ሲዲሮም የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ፣ ኢንተርኔት በየቤቱ ባልገባበት በዚያ ጊዜ ሥራቸው በሲዲ ተባዝቶ እንዲሸጥ ከማድረጉም በላይ፣ የሚሠሩበት ማሽንና ፈጣን የኢንተርኔት መስመር ስለ ሰጣቸው፣ የመጀመሪያው ሲዲ በ1993 መጨረሻ ላይ ወጣ። በዩኒክስ ባለመብቶችና በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መካከል ስለ ኮዱ ባለመብትነት የነበረው የፍርድ ቤት ክርክር በ1994 መጀመሪያ በስምምነት ሲያልቅ የሥራቸውን አካል ከፍ ባለ ድካም እንደ ገና መገንባት ግድ ሆነባቸው፤ 2.0 የተባለው ስሪትም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወጣ። የፍርድ ቤቱን ነገር እዚህ ላይ እተወዋለሁ፤ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ሲዲው ነው። ሲዲ ከታተመ በኋላ የማይታረም ነገር ስለሆነ፣ በላዩ የሚሰፍረው ፕሮግራም ሁሉ አንድ ቀን ተቈርጦለት «ከዚህ ወዲህ አይነካም» መባል ነበረበት፤ የፖርቶች የመጀመሪያው የቀን መቍጠሪያ የሲዲ ማተሚያ ቤት የቀን መቍጠሪያ ነበረ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በኦገስት ወር 1994 ሀባርድ ፖርት የማድረግን ሥራ ከግለሰብ ድካምነት አውጥቶ የማኅበር ንብረት ያደረገውን የመጀመሪያውን የፖርቶች መመሪያ ወደ ፍሪቢኤስዲ መዝገብ አስገባ። አሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፤ አንድ ሰው አንድን ፕሮግራም ለማዛወር ያደረገውን ሁሉ፣ ከየት እንዳወረደው፣ ምኑን እንዳረመው፣ እንዴት እንደ ገነባውና የት እንደ ተከለው፣ ማሽን አንብቦ ሊደግመው በሚችል መልክ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም «ሜክ ኢንስቶል» ብሎ ሲያዝ ያ ድካም ሁሉ በራሱ ይደገማል። ሳቶሺ አሳሚ የተባለው ሰውም ስብስቡን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በብርቱ ትጋት አስተዳደረው። ዛሬ ስብስቡ ከሠላሳ ሺህ የሚበልጡ ፖርቶችን ይዟል።

የአንድ ፖርት ማኅደር ሲከፈት በውስጡ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ እንኳ የለበትም። ያለው በመጀመሪያ አንድ ሜክፋይል ነው፤ በእርሱ ላይ የፕሮግራሙ ስም፣ የስሪቱ ቍጥር፣ የሚወርድበት አድራሻ፣ አስቀድመው መኖር የሚገባቸው ሌሎች ፕሮግራሞች፣ እንዲሁም «ሜይንቴነር» የሚባለው ጠባቂ የኢሜይል አድራሻ ተጽፏል። ከእርሱ ቀጥሎ «ዲስትኢንፎ» የተባለው ፋይል ይገኛል፤ ይህም የወረደው ነገር ጠባቂው አይቶ ካጸደቀው ጋር አንድ መሆኑ የሚረጋገጥበትን ረዥም የፊደልና የቍጥር ምልክት የያዘ ሲሆን፣ ምልክቱ በቀድሞው ጊዜ በኤምዲ5፣ ኋላም በኤስኤችኤ256 ስሌት የሚወጣ ነው። አንድ አጭር መግለጫና የሚተከሉት ፋይሎች ዝርዝር ይከተላሉ። እውነተኛው የሙያው ምስጢር ግን «ፋይልስ» በተባለው ንኡስ ማኅደር ውስጥ ነው፤ በዚያ «ፓች» በሚል ቃል የሚጀምሩ ጥቃቅን ፋይሎች ተደርድረው ይገኛሉ፤ አንዱ ምናልባት ሦስት መስመር ብቻ ሆኖ ደራሲው ለሊኑክስ አስቦ የጻፈውን የማኅደር አድራሻ የፍሪቢኤስዲ ልማድ ወደሚፈቅደው «ዩዘር ሎካል» ይለውጣል፤ ሌላው አንድን የላይብረሪ ጥሪ ከዚህኛው ስርዓት ጋር ያስማማል። ደራሲው አዲስ ስሪት ሲያወጣ እነዚህ ሦስት ሦስት መስመሮች ከአዲሱ ጽሑፍ ጋር ገጥመው እንደ ሆነ መመርመር አለባቸው፤ አንዳንዱ ይገጥማል፣ አንዳንዱ ደራሲው ራሱ ስላረመው ከእንግዲህ አያስፈልግም፣ አንዳንዱ ደግሞ የሚገባበት ቦታ ጠፍቶበት ይቀራል። ከውጭ ሲታይ መዘግየት የሚባለው ነገር፣ ከውስጥ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ምርመራ ነው።

የስሪት ቍጥሩም ቢሆን ማንበብ ለሚችል ሰው ብዙ ይናገራል። ደራሲው 2.4 ብሎ ያወጣው ፕሮግራም በፖርቶቹ ዘንድ «2.4_3» ተብሎ ቢገኝ፣ ከታች ሰረዙ በኋላ ያለው 3 ደራሲው አንዲት ፊደል ሳይነካ ፖርቱ ከመጀመሪያው መውጣቱ ወዲያ ሌላ ሦስት ጊዜ እንደ ገና መውጣቱን ያስረዳል፤ ምናልባት አንድ ፓች ተስተካክሎ፣ ምናልባት የፋይሎቹ ዝርዝር ጐድሎ ተሞልቶ፣ ምናልባትም ፕሮግራሙ የተመሠረተበት ላይብረሪ ተለውጦ ይሆናል። በዚህ በመጨረሻው ምክንያት፣ ብዙዎች የሚደገፉበት አንድ ትልቅ ላይብረሪ በታደሰ ቍጥር፣ በእርሱ ላይ የቆሙት ፖርቶች ሁሉ ቍጥራቸው በአንድ ቀን አንዳንድ ከፍ ይላል። ደራሲው ራሱ አቆጣጠሩን ለውጦ፣ ለምሳሌ ቀድሞ በቀን ይቈጥር የነበረውን ትቶ ከ1.0 ቢጀምር ደግሞ፣ ማሽኑ አዲሱን አሮጌ እንዳይለው ከቍጥሩ መጨረሻ ነጠላ ሰረዝና ሌላ ቍጥር ይታከልበታል፤ ይህ ቍጥር አንድ ጊዜ ከተጨመረ በኋላ ዝቅ ማድረግ ክልክል ነው። ከሊኑክስ ስርጭቶች አንዱ በሆነው በዴቢያንም ዘንድ ልማዱ በሌላ መልክ ይገኛል፤ እዚያ የአዛዋሪው ቍጥር ከጭረት በኋላ ይመጣል፣ ማሽን ብቻውን እንደ ገና የገነባውም «ቢ1» የሚል ጭማሪ ያገኛል። እንግዲህ «በየስንት ጊዜው ይወጣል?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው፤ የተዛወረ ሶፍትዌር በብዙ ስፍራ ከደራሲው ይልቅ አዘውትሮ ይወጣል። የሚወጣው ግን ሁልጊዜ አዲስ ነገር አይደለም።

የፍሪቢኤስዲ ፖርቶች ስብስብ እንደ ስርዓተ ክወናው በየስሪቱ የተከፋፈለ ሳይሆን ለሁሉም አንድ ስለ ነበረ፣ ፖርቶቹ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ሲለወጡ ቆይተው ስርዓተ ክወናው ሊወጣ ሲል ብቻ «ፍሪዝ» በሚባል እገዳ ይቆሙ ነበር፤ በዚያ የእገዳ ጊዜ ፓኬጆቹ ሁሉ፣ ማለትም ከፖርቶቹ አስቀድመው ተገንብተው ለመትከል የሚታሸጉት ፕሮግራሞች፣ ተዘጋጅተው ወደ ሲዲውና ወደ ኤፍቲፒው ይሄዳሉ። ሥርዓቱ ለሲዲ ዘመን የተስማማ ሆኖ ሳለ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ሲያስቀይም ኖረ። ፓኬጁን ከሲዲው የወሰደው ሰው እስከሚቀጥለው ስሪት ድረስ በአሮጌው ሲቀመጥ፣ ምንጩን በየቀኑ እያወረደ የሚገነባው ሰው ደግሞ ትናንት የሠራለት ዛሬ ተሰብሮ ያገኘዋል። በ2012 በኖቬምበር 11 ቀን ደግሞ ከዚያ የከፋ ነገር ታወቀ፤ ከአንድ አባል ዘንድ በተሰረቀ ቍልፍ አንድ ያልታወቀ ሰው ፓኬጅ ወደሚገነቡት ማሽኖች ዘልቆ ገብቶ ነበር። ምንም እንኳ በፓኬጆቹ ላይ የተደረገ ለውጥ ባይገኝ፣ ጥርጣሬው ብቻ የፓኬጅ ሥራውን ለወራት አቋረጠው፤ 9.1 የተባለው ስሪትም ዘግይቶ በዓመቱ መጨረሻ ወጣ። ከዚህ መከራ በኋላ የመገንቢያው ቤት እንደ ገና ታንጾ በ2014 መጀመሪያ አዲስ ሥርዓት ተደነገገ፤ በጃንዩዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር ከዋናው ስብስብ አንድ ቅርንጫፍ ይቈረጣል፤ በዚያ ቅርንጫፍ ውስጥ ለሦስት ወር የሚገባው የደኅንነት እርማትና የተሰበረውን መጠገን ብቻ ነው፤ አዲስ ነገር የሚወድ ግን ከዋናው ስብስብ ይውሰድ። የሦስት ወሩን ልማድ ግን የጀመሩት እነርሱ አልነበሩም፤ የፍሪቢኤስዲ ዘመድ ከሆነው ስርዓተ ክወና ከኔትቢኤስዲ የተወለደው የፖርቶች ስብስብ፣ ፓኬጅሶርስ፣ ከዐሥር ዓመት በፊት ይዞት ነበር።

ኦፕንቢኤስዲን በ1995 ከኔትቢኤስዲ ለይቶ ያቋቋመው ቴዎ ደ ራት ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ስርዓቱንም ፖርቶቹንም አንድ አድርጎ በየስድስት ወሩ፣ በአብዛኛው በሜይና በኖቬምበር ማውጣት። እስከ 2016 ድረስ ሲዲ እየታተመ ይሸጥ ስለ ነበረ ቀኑ የማይንቀሳቀስ ነበር፤ ያልደረሰ ነገር ለሚቀጥለው ይቈያል እንጂ የሚወጣበት ቀን አይራዘምም። ስለ ሀባርድ ደግሞ በቅንፍ ያህል እንዲህ ልበል፤ ወደ አፕል ኩባንያ ከገባ በኋላ በ2002 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያንኑ የፖርት አሳብ ወደ ማክ ወሰደው፤ ዛሬ ማክፖርትስ የሚባለው ይኸው ነው። ፖርትን ራሱን ፖርት አደረገው ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ በዚህ ጉዳይ የተፈተነው ግን በኦገስት 16 ቀን 1993 በኢያን መርዶክ የተመሠረተው ዴቢያን ነው። የዴቢያን ሰዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ልማዳቸው «ሲዘጋጅ ይወጣል» የሚል ነበር፤ ቀን መናገርን ይጠሉ ነበር። ልማዱን ካጸኑባቸው ነገሮች አንዱ ምናልባት በ1995 መጨረሻ የደረሰባቸው ነው፤ ኢንፎማጂክ የተባለ የሲዲ አሳታሚ ገና በመሠራት ላይ የነበረውን ስብስብ ከአገልጋያቸው ወስዶ «ዴቢያን 1.0» ብሎ አትሞ ሸጠው። ያልተጠናቀቀውና በደንብ የማይነሣው ሥራ በስማቸው ስለ ወጣ፣ እነርሱ 1.0 የሚባል ስሪት ከነጭራሹ ላለማውጣት ወስነው በጁን 1996 ያወጡትን 1.1 አሉት። ከዚያ ስሪት ጀምሮ ለየስሪቱ የሚሰጡት የመጠሪያ ስም «ቶይ ስቶሪ» ከተባለው ፊልም የተወሰደ ነው፤ በዚያን ጊዜ ማኅበሩን ይመራ የነበረው ብሩስ ፔረንስ ፊልሙን በሠራው በፒክሳር ይሠራ ነበርና። መቼም የማይወጣው፣ ዘወትር የሚለዋወጠው ስብስብ «ሲድ» ተባለ፤ በፊልሙ ውስጥ አሻንጉሊት የሚሰብረው ልጅ ስም ነው።

የ«ሲዘጋጅ ይወጣል» ልማድ ስብስቡ ትንሽ በነበረ ጊዜ ጉዳት አልነበረውም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ ጥቂት ዘለግ ባለ ጊዜ ይወጣ ነበር። ፓኬጆቹ ሺህ በሺህ እየሆኑ፣ የሚሠሩባቸው የማሽን ዓይነቶችም እየበዙ ሲሄዱ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ጤነኛ ሆነው የሚገኙበት ቀን እየራቀ ሄደ። ከ2000 ወዲህ «ቴስቲንግ» የሚባል መካከለኛ ደጅ ተበጀለት፤ በሲድ የገባ ፓኬጅ እንደ አስቸኳይነቱ ሁለት፣ አምስት ወይም ዐሥር ቀን ቆይቶ ከባድ ነቀፋ ካልተገኘበት በራሱ ወደዚያ ያልፋል። ይህም ሆኖ በጁላይ 2002 የወጣው «ዉዲ» ተተኪ ያገኘው ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በጁን 2005 ነው። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው ማርክ ሸትልወርዝ ጥቂት የዴቢያን ሰዎችን ሰብስቦ ከሲድ እየቀዳ በየስድስት ወሩ የሚወጣ ኡቡንቱ የተባለ ሥራ የጀመረው፤ የመጀመሪያው በኦክቶበር 2004 ወጣ፤ ቍጥሩም 4.10 ተብሎ ዓመቱና ወሩ ራሳቸው ስሙ ሆኑ። ቀን በስም ላይ መጻፍ ትልቅ ድፍረት ነበር። በ2006 ለብዙ ዓመት እርማት የሚያገኘውን የመጀመሪያ ስሪት ለማውጣት ሲሉ ከኤፕሪል ወደ ጁን ባዘገዩት ጊዜ ቍጥሩም አብሮ 6.06 ሆኖ መዘግየቱን ለዘለዓለም እየተናገረ ቀረ። ዴቢያንም በጊዜ ብዛት ወደ ቀን መቍጠሪያው አዘነበለ፤ ዛሬ የሚወጣበትን ቀን ባይናገርም የሚታገድበትን ጊዜ አስቀድሞ ስለሚወስን፣ ከ2005 ወዲህ በሁለት ዓመት አካባቢ አንድ ጊዜ ይወጣል፤ 13ኛው የወጣው በኦገስት 9 ቀን 2025 ነው።

የደራሲዎችና የአዛዋሪዎች ጠብ ከዚህ የጊዜ ልዩነት የተወለደ ነው። ዴቢያን አንድ ስሪት ካወጣ በኋላ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም ቍጥር አይለውጥም፤ የደኅንነት ጉድለት ቢገኝ ከደራሲው አዲስ ስሪት ውስጥ እርማቱን ብቻ ነቅሎ በአሮጌው ላይ ይተክለዋል። ፋየርፎክስ የተባለውን የኢንተርኔት ማሰሻ የሚያወጣው ሞዚላ በ2006 «ፋየርፎክስ በሚለው ስም የሚወጣ ነገር እርማቱን እኛ ያላየነው ሊሆን አይገባም» ባለ ጊዜ ዴቢያን ስሙን ወደ «አይስዊዝል» ለውጦ ዐሥር ዓመት ሙሉ በዚያ ስም አኖረው። ሞዚላ ግን በ2011 ፋየርፎክስን በየስድስት ሳምንቱ ማውጣት ሲጀምር፣ ከአዲስ ላይ እየነቀሉ በአሮጌ ላይ መትከል ከሰው አቅም በላይ ሆነ፤ ከ2013 ጀምሮ ዴቢያን ሞዚላ ለድርጅቶች ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ የሚጠብቀውን ስሪት እንዳለ ተቀብሎ ማሳለፍ ጀመረ፤ በ2016ም ስሙ ተመለሰ። እዚህ ላይ የተሸነፈው ዴቢያን እንደ ሆነ አምናለሁ፤ መሸነፉም ተገቢ ነበር። ከዓለም ሁሉ የሚመጣ ነገር የሚያነብ ፕሮግራም ለሁለት ዓመት ሊቆም አይችልምና።

ጄሚ ዛዊንስኪ ግን እንዲህ ያለ ፍርድ አላገኘም። እርሱ ኤክስስክሪንሴቨር የተባለውን የማያ ገጽ መቈለፊያ የሚጽፍ ሰው ሲሆን፣ ራሱ ካረመው ብዙ ዘመን የሆነው ጉድለት በዴቢያን አሮጌ ስሪት ምክንያት ዘወትር ወደ እርሱ በኢሜይል ስለሚመጣበት ተማርሮ፣ ስሪቱ ሲያረጅ ለተጠቃሚው «ይህ እጅግ አሮጌ ነው፤ አድስ» የሚል ማስጠንቀቂያ የሚያሳይ መስመር በኮዱ ውስጥ አኖረ። በ2016 የፀደይ ወራት የዴቢያን ተጠቃሚዎች ማስጠንቀቂያውን ባዩ ጊዜ ታላቅ ክርክር ተነሣ፤ አንዱ መስመሩን በፓች እናጥፋው ሲል፣ ዛዊንስኪ ደግሞ እንደዚያ ከሆነ ፓኬጁን ጨርሳችሁ ከስብስባችሁ አስወግዱት አለ። የሰውዬውን ቍጣ አልነቅፍም፤ አስቀድሞ ባረመው ስሕተት በየቀኑ የሚከሰስ ደራሲ ቢቈጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን የቀን መቍጠሪያውን ለደራሲ ብቻ መስጠት ምን እንደሚያስከትል ከዚያ በኋላ የደረሰው ነገር አሳይቷል።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት በአዛዋሪዎቹ ላይ ያለውን መደበቅ አይገባኝም። በሴፕቴምበር 2006 የዴቢያን አንድ ጠባቂ፣ ኦፕንኤስኤስኤል ከተባለው የምስጢር ላይብረሪ፣ አንድ የመመርመሪያ መሣሪያ ስሕተት ነው ብሎ ያመለከተበትን ሁለት መስመር አጠፋ፤ የጠፋው መስመር ግን ለምስጢር ቍልፍ መነሻ የሚሆነውን ዕጣ የሚሰበስበው ነበር። በብራና ላይ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ያልገባውን ቃል ስሕተት መስሎት ባረመው ጊዜ ከእርሱ በኋላ የሚገለበጡት መጻሕፍት ሁሉ እርማቱን እውነት አድርገው እንደሚወስዱት፣ እንዲሁ በዴቢያንና ከእርሱ በተቀዱት ስርዓቶች ሁሉ የሚወለደው ቍልፍ ለየዓይነቱ ሠላሳ ሁለት ሺህ በሚያህሉ አማራጮች ብቻ የተወሰነ ሆነ፤ ይህም ማሽን በአጭር ጊዜ ሞክሮ የሚጨርሰው ቍጥር ነው። ሉቺያኖ ቤሎ የተባለው የዴቢያን ሰው አግኝቶት በሜይ 13 ቀን 2008 እስኪታወጅ ድረስ ሃያ ወር ያህል ተቀመጠ። መዘግየት ብቻውን ምርመራ አይደለም፤ የሚመረምር ዐይን ያስፈልገዋል።

በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው የዚያው ላይብረሪ ጉድለት ሲገለጥ፣ የዴቢያን አሮጌው «ስኩዊዝ» ጉድለቱ ያልነበረበትን የቀድሞውን ስሪት ይዞ ስለ ነበረ ሳይነካ ቀረ። ይህን እንደ ዕድል ብንቈጥረው እንኳ የ2024ቱ ነገር በዕድል የሚታለፍ አይደለም። ኤክስዜድ የተባለ፣ ፋይል የሚያጨምቅ ትንሽ ላይብረሪ፣ ለብዙ ዘመን በአንድ ደራሲ ትከሻ ላይ ሲኖር፣ በ2022 ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች «አዲስ ስሪት ስለ ምን ይዘገያል? ረዳት ይሾም» እያሉ ያስጨንቁት ጀመር፤ ረዳትም ተገኘ። ረዳቱ ከሁለት ዓመት ትዕግሥት በኋላ በፌብሩዋሪ 2024 በወጣው 5.6.0 ውስጥ፣ ደግሞም በማርች በወጣው 5.6.1 ውስጥ የምስጢር በር አስገባ፤ ከዚያም አዲሱ ስሪት ፈጥኖ እንዲወሰድ በዴቢያንና በሌሎች ዘንድ ልመናና ግፊት ተደረገ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር በዴቢያን ሲድ ላይ ሌላ ነገር ሲለካ ወደ ማሽኑ የርቀት መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ስላሳሰበው ተከትሎ ፈልጎ አገኘውና በማርች 29 ቀን ለዓለም አስታወቀ። በሩ ወደ ሲድና ወደ ቴስቲንግ ደርሶ ነበር፤ አብዛኞቹ ሰርቨሮች ወደሚሠሩበት፣ በይፋ ወደ ወጣው የጸና ስሪት ግን አልደረሰም። ዴቢያን ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሲፈልግ ቍጥር ወደ ኋላ ስለማይሄድ፣ ለፓኬጁ የሰጠው ቍጥር «5.6.1 ሲደመር ሪሊ 5.4.5» የሚል ነው፤ ውጩ አዲስ፣ ውስጡ አሮጌ መሆኑን በግልጽ የሚናገር። ኡቡንቱም ሊወጣ የተቃረበውን የሙከራ ስሪት አንድ ሳምንት አዘግይቶ ፓኬጆቹን እንደ ገና ገነባ።

ከዚህ ታሪክ የሚገባኝ ፍርድ ይህ ነው። በደራሲው መውጣትና በአዛዋሪው መውጣት መካከል ያለው ጊዜ፣ ከደራሲው ሌላ የሆነ ሰው ሥራውን የሚያይበት ብቸኛው ጊዜ ስለሆነ፣ «ፈጥኖ ይውጣ» የሚል ሁሉ ያንን ጊዜ ለማን እንደሚሰጠው ማሰብ አለበት። ለፊደላችን አቢሲኒካ የተባለውን የፊደል ቅርጽ የያዘው የዴቢያን ፓኬጅ ለዓመታት ሳይለወጥ ቢኖር ማንንም አይጐዳም፤ ማሰሻ ግን ወር ሊሞላው አይገባም፤ የደኅንነት እርማት ደግሞ ለነገ ማደር የለበትም። ስለዚህ ለሁሉም አንድ የቀን መቍጠሪያ የሚያወጣ ሥርዓት፣ ስድስት ወርም ይሁን ሁለት ዓመት፣ የአስተዳደር ምቾት እንጂ እውነት አይደለም። የፍሪቢኤስዲ የሦስት ወር ቅርንጫፍና የዴቢያን የደኅንነት ማኅደር ለአዲሱ ነገር አንድ፣ ለእርማቱ ሌላ ሰዓት በመስጠታቸው ከቀሩት ሁሉ ይሻላሉ እላለሁ። አንባቢዬም አንድ ፓኬጅ አረጀ ብለው ጠባቂውን ከመክሰስዎ በፊት፣ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቍጥር እባክዎ ይመልከቱ፤ እርሱም ካልተለወጠ ያን ጊዜ ይጻፉለት፤ አድራሻው በሜክፋይሉ ውስጥ ነው።